ገና ያልወጣው አልበም

ያ አንጋፋ የሮክ ዘፋኝ ከባንዱ ተለይቶ ለብቻው የሚያወጣውን አልበም ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው! አንድ ቀን ከአብነት ሚኒባስ ስሳፈር፣ ስፒከሩ በሱ ድምፅ አዲስ ዘፈን ያንባርቃል። «ይሄን ከየት አመጣኸው?» አልኩት ሹፌሩን። «ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጥቶኝ ነዋ! ገና አልወጣም እኮ፣ ጀለሴ!» አለኝ እየተኩራራ። ደሜ ፈላ። «ሌባ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ተሳፋሪው በኔ ሳቀ።

ይሄኔ ከኋላ ወንበር ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ሰውዬ «ወራጅ አለ!» አለ። ክው አልኩ፤ ድምፁ ያው የስፒከሩ ድምፅ ነው። ረዳቱ «ፋዘር፣ ልደታ ማርያም አላሉኝም እንዴ? ገና ነው እኮ» አለው። ሰውየው ወደ ስፒከሩ እያየ «እሱም ገና ነበር» ብሎ ወረደ።

ሹፌሩ በሩ እንኳ ሳይዘጋ ሙዚቃውን ጨመረው።