ፈጣኑ ላይ አዞርኩት

ከከዚራ ወደ መጋላ በሚሻገረው ጋሪ ላይ ከባለጋሪው ጎን ተቀምጬ፣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«የማዳም ልብስ ማጠቢያ መኪና ጉድ ሠራኝ፣ በላይነሽ!»

«ምን አደረገሽ፣ ዘሃራ?»

«ማዞሪያው ቀስ የሚልና የሚፈጥን አለው። ማዳም ስትወጣ የደንበኛዬን ሸሚዝ ከተትኩና ፈጣኑ ላይ አዞርኩት።»

«ሸሚዝ በፈጣኑ?»

«ቀስ የሚለው ለሰነፍ የተሠራ መስሎኝ!»

«አቦ! ከዚያስ?»

«መሃሉ ላይ ያለው ዘንግ ወዲህ ወዲያ ሲያላጋው እጅጌው እንደ ገመድ ተገምዶ፣ ቁልፉ እንደ በቆሎ ተፈልፍሎ ወጣ። ደቻቱ ወንዝ ድንጋይ ላይ ያን ሁሉ ዘመን ሳጥብ አንድ ቁልፍ በጥሼ አላውቅም፣ ወላሂ!»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ለቅሜ ሰፋሁት። አንዱ ግን ጠፋብኝ፤ ከልጄ ቀሚስ ላይ ቀይ ፈትቼ ተካሁበት።»

«ቀይ? ሰውየው ምን ይልሻል?»

«እሱ ነው ያስጨነቀኝ። ልብሱን የምታመላልሰው አከራዩ ናት፤ መልኩን እንኳ አላውቀውም። ቢያማርርና በመኪናዋ የሰው ልብስ ማጠቤ ማዳም ጆሮ ቢደርስ መባረሬ ነው።»

«እንግዲህ ቀይ ቁልፍ ያለው ሰው ካየሽ እሱ ነው፤ ሽሺ!»

ሳቃቸው ፈረሱን አስደነበረው።

መጋላ ደርሰን ስወርድ፣ ደረቴ ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ በመዳፌ ሸፍኜ አለፍኳቸው።