ጉንፋን የያዘው መዋኛ

«አካም ቡልቴ ሳቢራ? ናጋ? ልጆቹ ደህና አደሩ? ላሚቱስ? … አልሐምዱሊላህ። የዘንድሮው ሙቀት ግን ምን ጉድ ነው? የጨፋ ሜዳ ማሽላ በቁሙ ተቆልቶ የሚለቀም መስሎኝ ነበር እኮ!»

ሀዲጃ ሰላምታ ስታበዛ ሰፈሩ ያውቃታል፤ ከሰላምታው ኋላ ዱላ አለ። ሁለት ባዶ ጀሪካን ከእግሯ ሥር አስቀምጣ፣ ጀርባዋን ለአዲሱ የግንብ አጥር ሰጥታ ቆማለች። ጎረቤቷ ሳቢራ እጅ ሲዘረጋ የምትነካ ናት፤ በሹክሹክታም ትሰማት ነበር። ሀዲጃ ግን ለገበያ የምትጣራ ይመስል ድምጿን ከፍ አድርጋለች። ከግንቡ ወዲያ የብሩሽ ድምፅ አለ፤ ባለ ግንቡ ከነጭ ሴራሚክ መዋኛው ላይ ዝገት እየፈተገ ነው።

የሀዲጃ ልጅ ቶይባ ከወለደች አምስት ቀኗ ነው። አራሷም ሕፃኑም የሚታጠቡበት አንድ ጠብታ ውሃ ቤት ውስጥ የለም። ሰውየው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ ሞተር ከተከለ ወዲህ የሰፈሩ የእጅ ፓምፕ አየር ብቻ ይተፋል። ትናንት ሀዲጃ በሩን አንኳኩታ «ውሃው ሕክምና ላይ ነው፤ አይነካም» ተብላ ተመልሳለች። ከዚያ ወዲህ አንጀቷ እንዳረረ ነው።

«እኔ ስለ ማንም አላወራም፤ ሐሜት ሐራም ነው። ደግ ጎረቤት ሲገኝ ግን ማመስገን አይገባም? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? … የቅርቡ ጎረቤት አጥሩን ሦስት ሜትር ሲያደርሰውማ፣ ጎረቤትም ሩቅ ዘመድም ባንድ ቤት አገኘን ማለት ነው።

«ያን ሰሞን ታስታውሻለሽ? የከሚሴ መድኃኒት ቤቶች ያ ብርቱካን ብርቱካን የሚለው የጉንፋን ኪኒን ያለቀባቸው ጊዜ? ቫይታሚን ሲ የሚሉት። ማን ገዛው ሲባል … አንድ አላህ የሰጠው ሰው፣ በካርቶን፣ በባጃጅ አስጭኖ። እኛስ ምን አልን? ‹ያ ረቢ! ከቤቱ ሰው ቢታመም ነው እንጂ! ይህን ያህል ኪኒን የሚያስገዛ ጉንፋን የሞት ጉንፋን ነው!› አልን። ታማሚ ሳይጠይቁ መክረም ደግሞ እኛ አገር ነውር ነው። አንቺ አጥሚትሽን ይዘሽ፣ እኔ ዶሮዬን አሳርጄ፣ አሮጊቷ አሻ በዚያ ጉልበቷ ምርኩዟን ይዛ … ሃያ ሴት ሆነን ገባን። ምንጣፍ ተነጠፈልን። ዱዓ አደረግን፤ ‹አላህ ዓፊያውን ይመልስለት› ስንል እሱም አሚን አለ፤ ያውም እንባ አቅርሮ! በኋላ አሻ፣ የዋህ አይደለች፣ ‹ልጄ፣ በሽተኛው የታለ? አንዴ ግንባሩን ልዳስሰው› አለችው። … ወዴት ወሰደን ሳቢራ?»

ሳቢራ የሻርፗን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ከግንቡ ወዲያ ብሩሹ ቆመ። ሀዲጃ መቆሙን ስትሰማ ፊቷ በራ።

«ወደ ገንዳው! … አሻ ምስኪን ተንበርክካ እጇን ውሃው ላይ አሳረፈችና ‹ተመስገን፣ ትኩሳቱስ ወርዷል› አለች። ምን ታድርግ? ለጥየቃ የመጣ ሰው የበሽተኛ ተስፋ አያስቆርጥም። ያ ሁሉ ነጭ ሴራሚክ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። እሱም ሱሪውን ሰብስቦ ገባና እያንዳንዷን የዝገት ነጠብጣብ በኪኒን ያሻት ጀመር። እውነቱን ልናገር፣ ኪኒኗ ያረፈችበት ቦታ ይጠራል፤ ወላሂ ይጠራል … የኪኒኗን ያህል። የሰፈሩ ልጆች አፍንጫቸው ሲፈስ ከረመ፤ ገንዳው ግን ማሻ አላህ አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሰውም።

«አጥሚቱንስ ማን ጠጣው? … በሽተኛው አፍ የለው፤ አስታማሚ ደግሞ ይደክማል። ዶሮውንም አስታማሚው በላ። ሐላሉ ይሁን፤ ማስታመም ቀላል ነው እንዴ?

«ንጽሕና ወዳድነቱንስ ምን ብዬ ልንገርሽ? እኔና አንቺ የእጅ ፓምፑ ውሃ ነጭ ልብስ ላይ ዝገቱን ሲጥልብን ምን እናደርግ ነበር? ሎሚ አሽተን እናለቀልቃለን፤ አለቀ። ዝገት ላይ በረኪና ቢፈስ እንደሚብስበት የሰባት ዓመት ልጅም ታውቃለች። እሱ ግን ዓረብ አገር የኖረ ሰው ነው፤ የልብስ አጣቢ እውቀት ምን ይሠራለታል? ዛሬ በኪኒን ያጠራውን ነገ በረኪና ይደፋበታል። ሲቀላበት ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ገንዳውን ሙልጭ አድርጎ ይለቀዋል፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ እንደገና ይሞላል። ሦስት ጊዜ! የት ለቀቀው? አስፋልቱ ሥር ባለው ቦይ። ጀሪካን ይዘን ስንሮጥ ምን አለን? ‹ኧረ እናቶቼ! የታመመ ውሃ ለጎረቤት አልሰጥም፤ ነውር ነው!› አየሽ ሰው ማክበር? ለእኛ ሳስቶ ለቦይ ሰጠው። ዓባይ ማደሪያ የለው ይላሉ … ማደሪያ ቢያገኝማ እዚህ ገብቶ ይዝግ ነበር።

«ዋናውንስ? አይ … ዋናስ አይችልም። የአይሱዙ ጎማ አስነፍቶ መሃሉ ቁጭ ይላል፤ ጉልበት በማያልፍ ውሃ። ጥንቃቄ አይከፋም፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።»

ይህን ስትል ከቤቷ በኩል የሕፃኑ ለቅሶ መጣ። የሀዲጃ ፊት ተቋጠረ። ልጇ በላብ ተጠምቃ እንደተኛች፣ «እማዬ፣ ገላዬን እንኳ» ብላ እንደለመነቻት ትዝ አላት። ቦርከና ወንዝ ወርዶ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የሰውየው በር ግን አሥር እርምጃ አይሞላም። ትንሽ ጠበቀች። በሩ አልተከፈተም፤ ብሩሹም አልተንቀሳቀሰም። ጀሪካኖቿን አነሳች። ድምጿ ያን ጊዜ ማር የተቀባ ይመስል ለሰለሰ።

«እንግዲህ ቦርከና ልውረድ ሳቢራ። ቅር አይለኝም፤ ከበሽተኛ አፍ ውሃ አይነጠቅም። ይልቅ ዱዓ ላድርግለት፤ አንቺም እጅሽን ዘርጊና አሚን በይ። አላህ የሰጠውን አይንሳው። ዕድሜውን ያርዝምለት፤ ግንቡን ያጽናለት፤ ሴራሚኩን እንደ ወተት ያንጣለት። ያ ሁላችንም የምንሄድበት፣ የማይቀረው ቀን ሲመጣ ደግሞ … ለመጨረሻ ገላው ማጠቢያ ሦስት ጣሳ ውሃ የማይነፍግ ጎረቤት አላህ አያሳጣው።»