የባል ገዳይዋ አባት

ሐሜት ሐሰት መሆኑ እየታወቀም ይነክሳል። ልብስ ሰፊው ይህን የተረዳው ልጁ በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ባሏን በመርዝ የምትገድል ሚስት ሆና ከተጫወተች ወዲህ ነው። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «የባል ገዳይዋ አባት» ይለው ጀመር። ቀልድ ነበርና እሱም እየሳቀ ያልፈው ነበር፤ ቤቱ ሲገባ ግን ሳቁ አብሮት አይገባም።

ድራማው ሲያልቅ ልጅቱ እዚያው ጣቢያ ለዜና ዘጋቢነት ተፈትና አለፈች። አባት በዚህ ጊዜ «እስከ ዛሬ ያፈርኩት ይበቃኛል» አለና አጎቷ ሱቅ ውስጥ ሥራ ለመነላት። ልጅቱ አልተከራከረችም። ራቱን አቅርባለት ክፍሏ ትገባለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ዝምታ ሆኖ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ሳለ፣ አንዲት ሴት ገባችና «ደህና ዋሉ አባባ፤ የኮቴ ገበር ተተርትሮብኛል» አለችው። እግሩ መርገጫው ላይ ቀጥ አለ። ፊቷን ሳያይ በድምጿ ነበር ያወቃት። ስንት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ዜና ስታነብለት የኖረች ሴት ናት። ወንበሩን በእጁ ጠራርጎ አስቀመጣት፤ እሷ ካላነበበችው ወሬውን እንደማያምንም ነገራት። ገበሩን እየጠቀመም ቀስ በቀስ የልጁን ነገር አነሳ፤ እንዲህ ያለች ቁም ነገረኛ ሴት መቼም ትፈርድልኛለች ብሎ ነበር።

«እኔም እኮ አባት ነበረኝ» አለች ሴትዮዋ። «የሌላ ሰው ልጅ ስትሠራው የሚያስከብር ሥራ፣ የራስ ልጅ ስትሠራው እንዴት ነውር ይሆናል?»

«እርስዎ ዜና ነው ያነበቡት፤ የኔዋ ሰው ገድላ ነው የመጣች» አላት።

ሴትዮዋ ከልቧ ሳቀች። እሷም የጀመረችው በድራማ እንደነበር፣ ሌባ የቤት ሠራተኛ ሆና ስለተጫወተች ጎረቤቶቿ ስትመጣ ቁም ሣጥን ይቆልፉ እንደነበር አጫወተችው። ትንፋሿን መግዛትና ካሜራ አለመፍራትን ግን የተማረችው እዚያው ነው። ከዚያ ማታ ማታ እየተማረች መጀመሪያ የአየር ጠባይ፣ ቀጥሎ የመስክ ዘገባ፣ በኋላም ዜና ያዘች፤ አሁን ወጣቶች የጻፉትን የምታርመውም እሷ ናት። መራራውንም አልደበቀችውም። ሽበቷ ብቅ ሲል አንድ አለቃ «ተመልካች አዲስ ፊት ይፈልጋል» ብሏት ነበር፤ በዕድሜ የሚበልጧትን ወንዶች ግን ማንም አልነካቸውም። የሥራ ባልደረቦቿ ሴቶች ተሰብስበው ስለቆሙላት ቦታዋ ላይ ቀረች።

ልብስ ሰፊው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካው። «እውነቱን ልንገርዎ። የምፈራው ስሙን ብቻ አይደለም። አምሽታ ስትመለስ፣ ክፉ አለቃ ሲገጥማት፣ ማን አለላት?»

ሴትዮዋ ወንበሯን ወደ እሱ ሳብ አደረገች።

«አልዋሽዎትም፤ ያሉት ነገር አለ። ክፉ ሰው ግን አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው ቤተሰቧ ያኮረፋት ልጅ ላይ ነው። እኔ ላይ ሲደርስ ቤት ገብቼ ለአባቴ መንገር አልቻልኩም። ‹ብዬሽ አልነበር› ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ብቻዬን ዋጥኩት። የእርስዎ ልጅ የምትነግረው ሰው ይኑራት።»

ለካ ሰውየው ልጁን የጠበቃት መስሎት ብቻዋን እያስቀራት ኖሯል። ታዲያ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቃት። ውሏን በጽሑፍ ትያዝ፣ ስታመሽ ጣቢያው በመኪና ያድርሳት፣ እንደ እኔ ማታ ማታ ትማር፤ መልክ ያልፋል፣ ዕውቀት ግን እያደር ይጠነክራል አለችው።

ያን ዕለት ማታ የልጁን በር አንኳኳ።

«ሥራውን ያዢው» አላት። «አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ። ክፉ ከገጠመሽ መጀመሪያ ለእኔ ትነግሪኛለሽ። ‹ብዬሽ አልነበር› አልልሽም።»

ልጅቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እሱም የሚያደርገው ጠፍቶት ጀርባዋን መታ መታ አደረገ።

ወራት አለፉ። አንድ ምሽት ልጅቱ መብራት በሌለው ጤና ጣቢያ በስልክ ብርሃን ስለሚወልዱ እናቶች ዘገበች። ከእሷ በፊት ወንድ ዘጋቢዎች ሄደው እናቶቹ አፍረው ዝም ብለዋቸው ነበር፤ ለእሷ ግን ሁሉን ዘርዝረው ተናገሩ። ብዙም ሳይቆይ ጤና ጣቢያው መብራት ገባለት። ሴት ልጅ ማይክራፎን ስትይዝ የምትጠቀመው እሷ ብቻ አይደለችም፤ ሲናገሩ ሰሚ ያጡም አፍ ያገኛሉ።

ዘገባው እንዳለቀ ለአባቷ ደወለችና እንዴት እንደነበረች ጠየቀችው።

«ስትጀምሪ ፈጠንሽ» አላት። «እናቶቹ ሲናገሩ ግን አላቋረጥሻቸውም። እሱ ነው ያኮራኝ።»