ዘጠኝ ሰዓት የሌለው ጾም

(የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ቢሾፍቱ ዳር ባለ የእንቁላል ዶሮ እርባታ ውስጥ፣ ባለቤቷ ወይዘሮ የሺመቤት ከቅዳሴ መልስ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዶሮዎቹን ከሚጠብቅላቸው ከጌጡ ጋር በመኖ መጋዘኑ በር ላይ ቆመዋል።)

የሺመቤት፦ ይኼ ምንድን ነው ጌጡ?

ጌጡ፦ እንቁላል ነው እትዬ።

የሺመቤት፦ እንቁላል መሆኑንማ አያለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እህል ያልቀመሰች ዶሮ በአምስተኛው ቀን ይኼን ሁሉ እንቁላል ከየት አመጣችው ነው የምልህ።

ጌጡ፦ ቀምሳለች።

የሺመቤት፦ ማን አቀመሳት?

ጌጡ፦ እኔ።

የሺመቤት፦ እኔ ደግሞ ሠራተኞቹን ስጠረጥር ነው የዋልኩት። በቅዳሴው መሃል ሳይቀር የቷ ትሆን እያልኩ አንድ በአንድ ሳስባቸው ነበር። አንተ በሐሳቤም አልመጣህ።

ጌጡ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሴቶቹ አያውቁም። እነሱ ለምሳ ሲወጡ ጠብቄ ነው ያደረግኩት።

የሺመቤት፦ ከመቼ ጀምሮ?

ጌጡ፦ ከረቡዕ። ሁለተኛውን ቤት ብቻ።

የሺመቤት፦ አንደኛው ቤትስ?

ጌጡ፦ እነሱ እስካሁን ውሃ ብቻ ነው ያላቸው።

የሺመቤት፦ ለምን? የአንደኛው ቤት ዶሮዎች ምን በደሉህ?

ጌጡ፦ ምንም። ሁለተኛው ቤት ለመጋዘኑ ይቀርባል፤ በጋሪ ብመላለስ የሚያየኝ የለም። ወደ አንደኛው ቤት ለመሄድ ግን በቢሮዎ መስኮት ሥር ማለፍ አለብኝ።

የሺመቤት፦ ስለዚህ ለግማሾቹ አዘንክና ግማሾቹን ተውካቸው።

ጌጡ፦ አዎ። ፈራሁ።

የሺመቤት፦ የዶሮ ባለሙያው ሲነግረን አብረን ነበርን። ዶሮዎቹ ሰንብተዋል፣ እንቁላላቸው ቀንሷል፣ ቅርፊቱ ሳስቷል አለ። አሥር ቀን መኖ ይቋረጥባቸው፣ መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ ይሸፈን፣ ላባቸውን ያራግፋሉ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ልክ ለፋሲካ እንደ ቄብ መጣል ይጀምራሉ አለ። አንተም አጠገቤ ተቀምጠህ ራስህን ስትነቀንቅ ነበር።

ጌጡ፦ ነቅንቄያለሁ።

የሺመቤት፦ ያኔ አፍ አልነበረህም?

ጌጡ፦ ነበረኝ። ሰውዬው ሲያወራው ቀላል ነገር ነበር የሚመስለው። ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ሠርቶ አሳየን። ሠንጠረዡ ላይ ዶሮ የለም እትዬ።

የሺመቤት፦ እኔም እኮ እየጾምኩ ነው። ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፌ አልዞረም። ሞትኩ?

ጌጡ፦ እርስዎ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይበላሉ። እነሱ ዘጠኝ ሰዓት የላቸውም።

የሺመቤት፦ ነገር አታሳምርብኝ። ሃይማኖት ልታስተምረኝ ነው?

ጌጡ፦ እኔ ማን ነኝና? እርስዎ ለምን እንደሚጾሙ ያውቃሉ፤ መቼ እንደሚያበቃም ያውቃሉ። እነሱ ግን ትናንት የነበረው መኖ ዛሬ ለምን እንደቀረ የሚነግራቸው የለም። ይኼን ማለቴ ነው።

የሺመቤት፦ አንተ ብቻ ነህ እንዴ ርኅሩኅ? አማራጩን እስቲ ንገረኝ። በዚህ ጾም እንቁላል የሚገዛኝ ማን ነው? የሚሸጥ ነገር ሳይኖረኝ አራት ሺህ ዶሮ ሁለት ወር ልቀልብ? ፋሲካ ካመለጠኝ ደግሞ ደንበኞቼ ሌላ ጋ ይሄዳሉ፤ አንዴ ከሄዱ አይመለሱም። ያኔ እነዚህን አሥራ አራት ሴቶች ምን ልበላቸው? ጌጡ ስላዘነ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ልበላቸው?

ጌጡ፦ እሱስ ልክ ነዎት።

የሺመቤት፦ ልክ ከሆንኩ መጋዘኔን ለምን ከፈትክ?

ጌጡ፦ ያየሁትን ልንገርዎትና ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉኝ።

የሺመቤት፦ ተናገር።

ጌጡ፦ ሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ቤት ባዶ እጄን ገባሁ። ጋሪው ሲገባ ጎማው ይጮሃል፤ እሱን ሲሰሙ ሁሉም አንገታቸውን በሽቦው አውጥተው ገንዳውን መምታት ይጀምራሉ። በየቀኑ እንደዚያ ናቸው። ሰኞ ጋሪውን ውጭ ስተወው የእግሬን ኮቴ ሰምተው አንገታቸውን አወጡ። ሁለት ሺህ አንገት ነው። ባዶውን ገንዳ ሲመቱት ዝናብ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ነው የሚመስለው። ውሃቸውን አይቼ ወጣሁ።

የሺመቤት፦ እሺ።

ጌጡ፦ ማክሰኞ ባሰባቸው። ወለሉ ላይ የወደቀ ላባ ነበር፣ ከሽቦው ሥር። ጎንበስ ብዬ ሳይ አንዷ የሌላዋን ላባ እየነቀለች ትበላለች። የምትነቀለዋ ደግሞ የምትሸሽበት ቦታ የላትም፤ አራት ሆነው ነው አንድ ሣጥን ውስጥ ያሉት፣ ዞር ማለት እንኳ አይችሉም። ፊቷን ወደ ሽቦው አዙራ ዝም ብላ ትነቀላለች።

የሺመቤት፦ ዶሮ ሲርባት እንደዚያ ታደርጋለች። ድሮም ታደርጋለች።

ጌጡ፦ ታደርጋለች። እኔም ለራሴ እንደዚያ እያልኩ ነው የወጣሁት። ረቡዕ ግን ስገባ ዝም አሉ።

የሺመቤት፦ ዝም አሉ ማለት?

ጌጡ፦ ዝም። ሲጮሁ ቢቆዩ ኖሮ እችለው ነበር መሰለኝ። በሩን ስከፍት አንድም አንገት አልወጣም። ሞተዋል ብዬ ደነገጥኩ። በባትሪ ሳበራ ሁሉም በሕይወት አሉ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩኛል። ከእኔ ምንም እንደማይመጣ ገብቷቸዋል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ ዶሮ ቤት ስገባ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። ወጥቼ ያ የተቀመጠ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ተነሥቼ ጋሪውን ሞላሁት።

የሺመቤት፦ ለእኔ መጥተህ ብትነግረኝስ?

ጌጡ፦ ብነግርሽ ምን ታደርጊ... ይቅርታ፤ ብነግርዎት ምን ያደርጉ ነበር?

የሺመቤት፦ ቀጥል እልህ ነበር።

ጌጡ፦ ለዚያ ነው ያልነገርኩዎት።

የሺመቤት፦ ቆይ ጌጡ። ይኼን ሽቦ ማን አመጣው? እኔ ነኝ?

ጌጡ፦ እኔ ነኝ።

የሺመቤት፦ ሥልጠና ሄደህ ተመለስክና፣ እትዬ ሰዉ ሁሉ ወደ ኬጅ፣ ወደ ሽቦ ሣጥን እየገባ ነው፣ መሬት ላይ የሚረባ ዶሮ በሽታ ይጨርሰዋል፣ እንቁላሉም ይቆሽሻል፣ በዚያው ቦታ ሦስት እጥፍ ዶሮ ይይዛል ብለህ አንድ ወር ሙሉ የነዘነዝከኝ አንተ አይደለህም?

ጌጡ፦ ነኝ።

የሺመቤት፦ እኔ እንቢ ብዬ ነበር።

ጌጡ፦ ብለው ነበር። ሽቦውን ያሰርኩትም በገዛ እጄ ነው። ያልኩት ሁሉ ደግሞ እውነት ሆነ፤ በሽታው ቀነሰ፣ እንቁላሉ ንጹሕ ሆነ፣ እርባታው አደገ። እኔም ኃላፊ ተባልኩ። ስለዚህ ከእርስዎ የተሻልኩ ነኝ ብዬ አይደለም የምናገረው።

የሺመቤት፦ ባለቤቴ ሲሞት በዚህ ግቢ አሥራ ሁለት ዶሮ ነበረኝ። ታስታውሳለህ?

ጌጡ፦ ስም አውጥተውላቸው ነበር። ሲጠሯቸው ይመጡ ነበር።

የሺመቤት፦ ስም ማውጣቱ የትም አላደረሰኝም። አሥራ ሁለት ዶሮ ልጅ አያስተምርም። ሦስት ልጅ ያስተማረልኝ ይኼ አሁን የምትጸየፈው ሽቦ ነው።

ጌጡ፦ የእኔንም ልጅ አስተምሯል። አልካድኩም።

የሺመቤት፦ ታዲያ ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?

ጌጡ፦ አንደኛው ቤት ይግቡ።

የሺመቤት፦ ምን ላደርግ?

ጌጡ፦ ምንም። ገብተው ይዩና ቀጥል ካሉኝ እቀጥላለሁ። በእግዚአብሔር ፊት ቃሌ ነው፣ ሁለተኛውንም ቤት ከነገ ጀምሮ አቆምባቸዋለሁ። ግን አይተው ይዘዙኝ። መጨረሻ የገቡት ከጥምቀት በፊት ነው፣ ያውም ከአምናው ጥምቀት።

የሺመቤት፦ ሽታው ራሴን ያመኛል።

ጌጡ፦ አውቃለሁ።

የሺመቤት፦ ሐኪሙም አቧራው ለደረትሽ አይሆንም ብሎኛል።

ጌጡ፦ በነጠላዎ አፍንጫዎን ይሸፍኑ። አንዲት ደቂቃ ናት።

የሺመቤት፦ ምሳም አልበላሁ እኮ።

ጌጡ፦ እነሱም አልበሉም እትዬ።

የሺመቤት፦ በል ቅደም። ቅደም እንጂ፣ መንገዱን ልታሳየኝ አይደል?

ጌጡ፦ እዚህ ጋ ደፍ አለው፣ ይጠንቀቁ። ባትሪውን አብርቼልዎታለሁ።

የሺመቤት፦ እንዴት ነው የጨለመው። በቀን ነው እኮ።

ጌጡ፦ ላስቲኩ ነው። ብርሃን ካገኙ ላባቸውን ቶሎ አይጥሉም ተብሎ ነው።

የሺመቤት፦ ድምፅ የለም።

ጌጡ፦ አልኩዎት እኮ።

የሺመቤት፦ ይኼ በማዳበሪያ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ጌጡ፦ የዛሬ ጠዋት ሬሳ ነው። አሥራ አንድ ናቸው። ገና አልቀበርኳቸውም።

የሺመቤት፦ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሞቱት?

ጌጡ፦ ከረቡዕ ጀምሮ። መጀመሪያ ሦስት፣ ትናንት ሰባት።

የሺመቤት፦ ይኼንንስ ለምን አትነግረኝም?

ጌጡ፦ የባለሙያው ወረቀት ላይ አለ። ከመቶ ይኼን ያህል ይሞታል፣ የሚጠበቅ ነው ይላል። እርስዎ ፈርመውበታል።

የሺመቤት፦ እኔ የመጨረሻውን ገጽ ነው ያየሁት። ለፋሲካ ስንት እንደምንሰበስብ የሚለውን።

ጌጡ፦ አይጠጉ፣ ነጠላዎን...

የሺመቤት፦ ምን ሆነ? ምን ይዞኛል?

ጌጡ፦ ዶሮዋ ናት። የነጠላዎን ጫፍ ይዛለች። ቀስ ይበሉ፣ አይጎትቱት።

የሺመቤት፦ ክሩን እየዋጠችው ነው ጌጡ።

ጌጡ፦ ትል መስሏት ነው። ልቁረጠው?

የሺመቤት፦ ቁረጠው። ያንቃታል፣ ቶሎ ቁረጠው። ዕርፍ በይ አንቺ፣ ዕርፍ በይ። አውጣልኝ እስቲ ከዚህ ሽቦ።

ጌጡ፦ ይኸው። በሁለት እጅዎ ይያዟት።

የሺመቤት፦ አጥንቷ ብቻ ነው። ወረቀት የያዝኩ ነው የሚመስለኝ። መሬት ላይ ላስቀምጣት?

ጌጡ፦ ያስቀምጧት። ግን አትሄድም።

የሺመቤት፦ ደክሟት ነው?

ጌጡ፦ ደክሟታል። ግን ብትጠግብም አትሄድም ነበር። ከቄብነቷ ጀምሮ መሬት ረግጣ አታውቅም። ጥፍሯን ያዩታል? በሽቦው ላይ ነው የተጠመዘዘው።

የሺመቤት፦ ተቀመጠች።

ጌጡ፦ አዎ።

የሺመቤት፦ ቀና ብላ ታየኛለች።

ጌጡ፦ እንውጣ እትዬ፣ ደረትዎን ያምዎታል።

የሺመቤት፦ ተወኝ፣ ደረቴ ይቆይ። አሁን መኖ ብንሰጣቸው ይተርፋሉ?

ጌጡ፦ አብዛኞቹ ይተርፋሉ። ባንዴ ሳይሆን ቀስ ተብሎ ነው የሚሰጣቸው። ሌላ ሳምንት ቢቆዩ ኖሮ ግን እንጃ።

የሺመቤት፦ ከዚያስ? ይኼን ሁሉ ዶሮ ሁለት ወር መቀለብ አልችልም። እውነቴን ነው የምልህ፤ ጨክኜ አይደለም።

ጌጡ፦ ሞጆ አንድ ነጋዴ አለ፣ ሐጂ ሙዘይን የሚባል። ለሆቴልና ለሠርግ ዶሮ ያቀርባል፤ ለእሱ ደንበኞች አሁን ጾም አይደለም። በስልክ ጠይቄው ነበር። አንደኛውን ቤት ሙሉውን እወስዳለሁ ብሏል።

የሺመቤት፦ ሊያርዳቸው?

ጌጡ፦ ሊያርዳቸው።

የሺመቤት፦ አምስት ቀን ሙሉ ስታዝንላቸው ከርመህ መጨረሻው ይኼ ነው?

ጌጡ፦ ሌላ አላገኘሁም። ቢላዋው አንድ ጊዜ ነው እትዬ። ይኼኛው አሥር ቀን ነው፣ ካለፉት ደግሞ እንደገና ወደ ሽቦው ነው። የትኛው እንደሚሻል እነሱን መጠየቅ አልችልም። እኔ ብሆን ግን የምመርጠውን አውቃለሁ።

የሺመቤት፦ እኔ ደግሞ ከዚህ ስወጣ ምን ብዬ እንደምበላ አላውቅም።

ጌጡ፦ እርስዎ ይብሉ። ቤትዎ ይሂዱ፣ ደክሞዎታል።

የሺመቤት፦ አንደኛው ቤት ከሄደ የፋሲካው ገበያ በሁለተኛው ቤት ብቻ አይሸፈንም። የደንበኞቼ ግማሹ አመለጠኝ ማለት ነው።

ጌጡ፦ አዎ።

የሺመቤት፦ ሴቶቹንም በተራ በተራ እያስገባሁ ካልሆነ ደመወዛቸውን አልችልም።

ጌጡ፦ የእኔንም ቀን ይቀንሱት። ከእነሱ በፊት የእኔን።

የሺመቤት፦ አንተን ገና አልማርኩህም፤ የመጋዘኔን ቁልፍ ሰርቀኸኛል። እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን። ሰውዬው መቼ ነው እመጣለሁ ያለው?

ጌጡ፦ ነገ ጠዋት። እሺ ካሉ መኪናውን ይዞ ይመጣል።

የሺመቤት፦ ነገ አይሆንም። ከማክሰኞ በፊት እንዳይመጣ በለው። እስከዚያ ይብሉ፤ አንዲቷም ሆዷ ባዶ ሆኖ ከዚህ ግቢ አትወጣም። በል ላስቲኩን ከመስኮቱ ላይ ገንጥለው፣ ጋሪውን እኔ አመጣለሁ።