የአባ ታከለ «ተመስገን»

በአስተርጓሚነት ዘመኔ እንደ አባ ታከለ ያደከመኝ ሰው የለም። እኒህ በእስራኤል፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ የሚኖሩ ሽማግሌ የጎረቤታቸውን መኪና መስታወት ሰብረው ተከሰሱና፣ ፍርድ ቤቱ አእምሯቸው እንዲመረመር አዘዘ። ሕመም ከተገኘባቸው ሕክምና፣ ካልተገኘ እስር ይጠብቃቸዋል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ «እንቅልፍ እንዴት ነው?» አለች። «ተመስገን።» «የሚያስጨንቅዎ ነገርስ?» «ተመስገን።» በዕብራይስጥ «ቤሰደር»፣ ደኅና ማለቷ ነው፣ «ጤነኛ ናቸው» ብላ ሸኘችን።

ኮሪደሩ ላይ እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ የሞተው ወንድሜ ከመኪናው ውስጥ ሲጠራኝ ሰምቼ፣ ላወጣው ብዬ እኮ ነው» አሉኝ። «ታዲያ ምነው ለሴትዮዋ አልነገሯትም?» «ደኅና ነህ ወይ ላለህ እንግዳ ሰው ብሶት ትዘረግፍበታለህ?» እየለመንሁ መለስኋቸውና ለባለሙያዋ ሁሉን አስረዳሁ። እሷም እስክሪብቶዋን አነሣች። «ከራሳቸው አፍ ልስማው። አሁን እንዴት ነዎት?»

አባ ታከለ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ለእሷ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ተመስገን፤ አንቺስ፣ ልጄ?» አሏት።