ዘይነብ የላከችው መኪና

ሞጆ፣ ከደረቅ ወደቡ ማዶ ካሉት የትራንዚተር ቢሮዎች በአንዱ፣ ረፋድ ላይ፤ ትራንዚተሩ ይመር ከጠረጴዛው ኋላ፣ ከዱባይ ያገለገለ መኪና ያስመጣችው ዘርፌ የወጪ ዝርዝሩን ይዛ ከፊቱ።

ዘርፌ፦ ይቺን ደግሞ አልከፍልም!

ይመር፦ የትኛዋን?

ዘርፌ፦ አራተኛዋን። «ሃንድሊንግ» የምትለዋን። ምን ማለት ናት?

ይመር፦ መያዝ፣ መንከባከብ ማለት ነው። መኪናው ከመርከብ ሲወርድ፣ ሲጫን፣ ሲራገፍ የሚይዘው ሰው አለ አይደል?

ዘርፌ፦ መኪና ነው እንጂ አራስ ልጅ ነው እንዴ የሚታቀፈው?

ይመር፦ ካልታቀፉት ይቧጨራል። ሲቧጨር ደግሞ መጥተው የሚጮኹት እኔ ላይ ነው።

ዘርፌ፦ «የሰነድ ዝግጅት»ስ? ሰነዱን ሁሉ በፌስታል አዝዬ ያመጣሁት እኔ አይደለሁም?

ይመር፦ እርስዎ አመጡት፤ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ጤፍ ወፍጮ ቤት የወሰደ ሁሉ ፈጨ ይባላል?

ዘርፌ፦ እሺ፣ እሷን ልለፋት። ይቺኛዋስ? «ልዩ ልዩ»።

ይመር፦ እሷማ ላልታሰበ ወጪ ናት።

ዘርፌ፦ ካልታሰበ እንዴት አስበው ጻፉት?

ይመር፦ ኧረ በሕግ! ዱባይ የሠሩት ሰው ቤት ነው ወይስ ኦዲት መሥሪያ ቤት?

ዘርፌ፦ ሰው ቤት ነው። ስድስት ልጅ፣ ሁለት አያት፣ አንድ በቀቀን። የአስቤዛውን ደረሰኝ ከማዳም ጋር የማመሳክረው እኔ ነበርኩ። አንድ ኪሎ ቲማቲም አልተገኘም ተብሎ እራት ሳልበላ ያደርኩበት ቀን አለ።

ይመር፦ እንግዲያው ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። ሃንድሊንጓን በግማሽ፤ «ልዩ ልዩ»ን ይኸው ሰረዝኳት። ግን ከሂሳቡ የሚከፋ ነገር አለ፣ ወይዘሮ ዘይነብ።

ዘርፌ፦ ዘርፌ።

ይመር፦ እሱን ልልዎት ነው። የመርከቡ ሰነድ ላይ ያለችው ዘይነብ ሙሄ ናት። የመግዣ ደረሰኙ ላይም ዘይነብ፣ ፓስፖርቱም ላይ ዘይነብ። ወዲህ ስመጣ የቀበሌ መታወቂያው ዘርፌ ታደገ፣ መንጃ ፈቃዱ ዘርፌ ታደገ። ጉምሩክ ደግሞ «የዘይነብን መኪና ለዘርፌ ምን ብዬ ላስረክብ?» ይላል።

ዘርፌ፦ አንድ ሰው ናቸው ይበሉዋ።

ይመር፦ የእኔ ማለት ምን ይረባል? እዚህ አገር የሚታመነው ወረቀት ነው። በወረቀቱ ደግሞ ዘይነብ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ዘርፌ ሠላሳ። ለሠላሳ ሰባት ግን መቼም በደንብ ነው የያዙት!

ዘርፌ፦ ማዳምም እንደዚያ ትል ነበር። «እናንተ የሐበሻ ሴቶች አታረጁም፣ ምንድን ነው የምትቀቡት?» እያለች።

ይመር፦ ምን አሏት?

ዘርፌ፦ «ቅቤ» አልኳት። ታዲያ «ሐሰተኛ የልደት ቀን» ልበላት?

ይመር፦ ሃሃ! አይ እርስዎ! እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። አጭሩ፦ ፓስፖርቱ ገና አምስት ወር ይቀረዋል። በእሱ የግብር ከፋይ ቁጥር እናወጣለን፣ መኪናው በሳምንቱ ይወጣል። ሊብሬውም በዘይነብ ስም ይሆናል። ረጅሙ፦ ፍርድ ቤት ሄደው «ሁለቱም እኔው ነኝ» ብለው ማስወሰን ነው። ወርም ሊፈጅ ይችላል። መኪናው ግቢ ውስጥ በቆመ ቁጥር ደግሞ ኪራይ ይቆጥራል። እኔ ብሆን አጭሩን ነው የምይዘው።

ዘርፌ፦ ረጅሙን።

ይመር፦ ሰምተውኛል? በየቀኑ ይቆጥራል እኮ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዳይሆን።

ዘርፌ፦ ሰምቻለሁ። ያቺን መኪና ዘጠኝ ዓመት አጥቤያታለሁ። በየማለዳው፣ ማዳም ሳትነሳ፣ የጎማዋን ቸርኬ ሳይቀር በጥርስ ብሩሽ። አንድም ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጬባት አላውቅም። ማዳም አዲስ ስትገዛ «የአገልግሎትሽን ገንዘብ ልስጥሽ ወይስ እሷን ትወስጃታለሽ?» አለችኝ። እሷን አልኩ። ያጠበቻት ዘይነብ ናት፣ እሺ። የምትነዳት ግን ዘርፌ ናት።

ይመር፦ መኪናው እኮ ስም አይለይም።

ዘርፌ፦ እኔ እለያለሁ።

ይመር፦ እንደፈቀዱ። ረጅሙ ከሆነ ምስክር ይፈለጋል። ከመሄድዎ በፊት የሚያውቅዎት፣ ሁለቱንም ስም የሚያውቅ። እናትዎ አሉ?

ዘርፌ፦ ዓምና አረፈች።

ይመር፦ ነፍስ ይማር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አባትስ?

ዘርፌ፦ አባቴ እኔንም በቅጡ አያውቀኝ፣ እንኳን ዘይነብን።

ይመር፦ ያን ጊዜ የላከዎት ደላላ?

ዘርፌ፦ እሱን የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። እኔ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነኝ።

ይመር፦ ጎረቤት?

ዘርፌ፦ ጎረቤት የሚያውቀው ዘርፌን ብቻ ነው። በአንድ ቀን ሁለቱንም ስሜን ያየ ሰው አንድ ነው።

ይመር፦ እሱን ያምጡታ!

ዘርፌ፦ እሱ አይመጣም ብዬ እኔ መጣሁበት።

ይመር፦ አልገባኝም።

ዘርፌ፦ ደሴ። «ይመር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ»። በሩ ላይ ያለችው ደረጃ አንድ ጎኗ የተሰበረ፣ ሰው ሁሉ የሚደናቀፍባት።

ይመር፦ እ?

ዘርፌ፦ አሁን ፋርማሲ ሆኗል። ባለፋርማሲውን ጠየቅኩት። «ይመርማ ሞጆ ወርዶ ትራንዚተር ሆኗል» አለኝ። እንዲህ ነው እንጂ! መኪናዬም አንተም አንድ ከተማ ሆናችሁ ጠበቃችሁኝ።

ይመር፦ ቆይ፣ ቆይ። አንቺ ደንበኛ ነሽ ወይስ ሌላ ነገር?

ዘርፌ፦ ያኔም ደንበኛህ ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ። ያኔ ግን ዝርዝር አልሰጠኸኝም።

ይመር፦ እህቴ፣ በዚያ ዘመን በቀን ሠላሳ አርባ ልጅ ይመጣ ነበር። ደላሎቹ ያመጧቸዋል፣ ፎርም እሞላለሁ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ማንን ከማን ልለይ?

ዘርፌ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ይመር፦ ኧረ እኔ እስክሪብቶ እንጂ ጦር አልያዝኩም!

ዘርፌ፦ ሰባት ዓመት የጨመርክብኝ በምን ሆነና? በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በርህን ገብቼ በሃያ ስድስቴ ወጣሁ። አንድ ቀን እንኳ ሳልሽኮረመም ቆሞ ቀር አደረግከኝ።

ይመር፦ ዕድሜውን ደላላው ነው ያዘዘኝ። ልጅ ከሆነች አይቀበሏትም ብሎ።

ዘርፌ፦ ስሙንስ?

ይመር፦ ስሙንም እሱ...

ዘርፌ፦ ስሙን አላዘዘህም። «የሙስሊም ስም ይሁን እንጂ ደስ ያለህን ጻፍ» ብሎህ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፎርሙን በእጅህ ነው የሞላኸው። ሴቱ ሁሉ ፎቶ የሚነሳበትን ሰማያዊ ሻርፕ ከምስማር አውርደህ ሰጠኸኝ። ስንቀጠቀጥ አየኸኝና ከመሳቢያህ ብርቱካን አውጥተህ ላጥክልኝ። ከዚያ ቁጭ ብለህ ብዙ አሰብክ። «ዘይነብ» ብለህ ጻፍክ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔ መልአክ ግን ጣቱ በቀለም የተጨማለቀ ነበር።

ይመር፦ ብርቱካኑ ይኮመጥጥ ነበር።

ዘርፌ፦ አስታወስክ!

ይመር፦ እያለቀስሽ በላሽው። አፍሬ «ስኳር የለኝም» አልኩሽ። ያቺ አንቺ ነሽ? ያኔ እኮ ጉንጭሽ ላይ ሥጋ የሚባል ነገር አልነበረም።

ዘርፌ፦ አሁን ያለው የማዳም ቤት ትርፍራፊ ሩዝ ነው። ለምን ዘይነብ አልክ?

ይመር፦ ተይው።

ዘርፌ፦ አሥራ አንድ ዓመት የተጠራሁበት ስም ነው፤ ልወቀው እንጂ።

ይመር፦ ዘይነብ የምትባል ልጅ ነበረች። ኮምቦልቻ፣ ከእኛ ቤት ማዶ። በሃይማኖት የተነሳ የእሷም ወገን፣ የእኔም ወገን እምቢ አለ፤ ለሌላ ተዳረች። ለሌሎቹ ፋጡማ፣ ከድጃ፣ እንደመጣልኝ እጽፍ ነበር። ያቺን ስም ግን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። አንቺ ስትንቀጠቀጪ ሳይ፣ እንጃ፣ ቢያንስ ጥሩ ስም ይዘሽ እንድትሄጂ ፈለግኩ።

ዘርፌ፦ ጥሩ ስም ነው፤ የጠላሁት እንዳይመስልህ። ክፉ ቀን አሳልፎኛል። ሲሰድቡኝ የሚሰድቡት ዘይነብን ነበር፣ ዘርፌን ማንም አልነካት።

ይመር፦ ታዲያ መኪናውን በእሷ ስም አውጪውና እንገላገል!

ዘርፌ፦ እናቴ በየወሩ ባንክ እየሄደች የላክሁላትን ትቀበል ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ላኪዋ ምንዎ ናት?» ትላታለች። አንገቷ ላይ ማተብ፣ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት። የዘይነብ ሙሄ እናት ነኝ ብትል ማን ያምናታል? «የጎረቤቴ ልጅ ናት» ትል ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ። «ደግ ጎረቤት አለዎት፣ እማማ» ይሏት ነበር አሉ። አንድ ቀን እንኳ በዚያች መስኮት «ልጄ ናት» ሳትል ሞተች፣ ይመር።

ይመር፦ እህህ።

ዘርፌ፦ እኔም ትራፊክ አስቁሞኝ «የማን መኪና ነው?» ሲለኝ «የጎረቤቴ» ልበል?

ይመር፦ አትበይ። ገብቶኛል። ግን የእኔንስ ነገር አስበሽዋል? ዳኛ ፊት ቆሜ «ሐሰቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ስል ምን የሚሉኝ ይመስልሻል? ለዚች ፈቃድ ስድስት ዓመት ለፍቻለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን አየሻት?

ዘርፌ፦ አየኋት። ፎቶህ ላይ ክራቫትህ ተጣሟል።

ይመር፦ ቀልዱን ተይው!

ዘርፌ፦ እሺ፣ ተውኩት። ጠበቃ ጠይቄልሃለሁ። «ሊጠይቁትም ይችላሉ፣ ላይጠይቁትም ይችላሉ» አለኝ። ምንም አይመጣብህም ብዬ አልዋሽህም። ልከስህም፣ ላስፈራራህም አልመጣሁም። እምቢ ካልክ ፎርሙን በዘይነብ ስም ሙላልኝ፤ እፈርማለሁ፣ መኪናዬን ይዤ እሄዳለሁ። አልቀየምህም።

ይመር፦ እሱ ነው የከበደኝ። ብትቀየሚኝ ይቀለኝ ነበር።

ዘርፌ፦ እሱን እንኳ አላደርግልህም። ቅያሜም ያለ ሂሳብ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ይመር፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄው ነው። ታውቂያለሽ፣ አንዳንድ ቀን ሬዲዮ ላይ «አረብ አገር ሞታ አስከሬኗ መጣ፣ ስሟ አልገጥም ብሎ ቤተሰብ ተቸገረ» ሲባል እሰማለሁ። እኔ የጻፍኩት ስም ይሆን እላለሁ። ከዚያ ምን እንደማደርግ ልንገርሽ? ሬዲዮውን እዘጋዋለሁ።

ዘርፌ፦ እኔ ግን በእግሬ ነው የመጣሁት። ይኸው ፊትህ ቁጭ ብዬ በሃንድሊንግ እከራከርሃለሁ።

ይመር፦ አንቺን ሰምተው ሌሎቹም ቢመጡብኝስ?

ዘርፌ፦ ወንበር ጨምራ! አንድ ወንበር ይዘህ ነው እንዴ ቢሮ የከፈትከው?

ይመር፦ አይ አንቺ ልጅ! ሚስቴን ምን እንደምላት እንጃ። ዳኛው ይቅርና እሷ ራሷ «ዘይነብ ማን ናት?» ብላ ትይዘኛለች።

ዘርፌ፦ ለሚስትህ እኔ እመሰክርልሃለሁ። በነፃ።

ይመር፦ ማመልከቻው ተጽፏል?

ዘርፌ፦ ይኸው። የቀረው የምስክር ቦታ ብቻ ነው።

ይመር፦ አሳይኝ እስቲ። «የስም ይጽደቅልኝ አቤቱታ።» ጥሩ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ የእናትሽንም ስም ጨምሪ።

ዘርፌ፦ ይቻላል?

ይመር፦ ለምን አይቻልም? «የወይዘሮ እገሊት ልጅ» ተብሎ ይጻፍ፤ ዳኛው ጮክ ብሎ ያነበዋል። ማን ይባላሉ?

ዘርፌ፦ አትጠገብ። ወይዘሮ አትጠገብ ካሳዬ።

ይመር፦ እሺ፣ እሱን ጻፊ። ቀስ በይ፣ አንድ ፊደል እንዳይሳሳት።

ዘርፌ፦ ጻፍኩት። አሁን ምስክር። ስም፣ ይመር ማን ልበል?

ይመር፦ ይመር አስፋው። አድራሻ ሞጆ።

ዘርፌ፦ ሥራ፣ ትራንዚተር።

ይመር፦ ትራንዚተር ብቻ አትበይ። የደሴውንም ጻፊበት።