«የራሳችን ሰዎች ይሥሩት»

የምሠራው እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። እንግሊዝ አገር ያለ መጦሪያ ቀጥሮኝ ቪዛዬን እየጠበቅሁ ሳለ፣ አንድ ጠዋት ከምኖርበት ሰፈር ከቤሪያ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ሥራ ስሄድ ኢሜይል ገባልኝ። መንግሥታቸው አዲስ መመሪያ አውጥቷል፤ ከእንግዲህ አረጋውያንን የሚንከባከብ ሰው ከውጭ አገር አይቀጥሩም። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር በሦስት መስመር አለቀ። እንባዬን ጠርጌ ገባሁ።

በየቀኑ የማጥባቸው አንድ እንግሊዛዊ አዛውንት አሉ፤ ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። የዚያን ቀን ልጃቸው ከለንደን ሊጠይቃቸው መጥቶ አልጋው አጠገብ ተቀምጧል። «ሲስተር፣ ምነው ከፋሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «አዝናለሁ፤ መመሪያው ግን ትክክል ነው። ይህን ሥራ የራሳችን ሰዎች ይሥሩት» አይለኝም! አባቱን በሁለት እጄ ደግፌ እንደያዝኩ! ደሜ ፈላ። ከሥራ እባረራለሁ የሚለው እንኳ ትዝ አላለኝም። አባቱን ትራስ ላይ አስደገፍኩና ጓንት አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «ይኸው፣ ጀምራ! ካንተ የቀረበ የራሳቸው ሰው ማን አለ?» አልኩት።

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አባቱ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ደህናውን እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዘረጉ። እሱ ግን ጓንቱን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረና፣ «እንዴት እንደማነሳቸው አላውቅም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔም ስጀምር አላውቅም ነበር» አልኩት። «እጅጌህን ሰብስብ።»